የቤት ኪራይ ውል በሁለት ሕጎች መካከል፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እና የሰቆጣ ከተማ ተከራይ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የአከራይና የተከራይን ግንኙነት ከግል ስምምነት አውጥቶ በመንግሥት የሚመዘገብ ውል አድርጎታል። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በቀጥታ የሚመለከት ሲሆን፣ በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚሰጡት ውሳኔ መሠረት ነው። ስለዚህ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በሆነችው በሰቆጣ የተከራይን መብት ለመለየት አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ውሉን የሚገዛው የትኛው ሕግ ነው የሚል ነው።

ክልሉ አዋጁ እንዲፈጸምባቸው ባልወሰናቸው ከተሞች ውሉ የሚተዳደረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የኪራዩን መጠን የሚወስኑት ተዋዋዮቹ ናቸው፤ ጊዜው ያልተወሰነ ውልንም አከራዩ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ብቻ ሊያቋርጠው ይችላል።

በአዲሱ አዋጅ ግን ውሉ በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት። ዘመኑ ከ2 ዓመት ማነስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ባደረገው መጠን ብቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሀብት ማድረጉ ይታወሳል፤ የአሁኑ በአንጻሩ ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ ውሉን ይቆጣጠራል።

ከድሃና ወረዳ ተዛውራ በሰቆጣ አንድ ክፍል በቃል ስምምነት የተከራየች መምህርት ለአብነት ትወሰድ። አከራይዋ በዓመቱ አጋማሽ ኪራዩን ቢጨምር፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያላት ምርጫ መክፈል ወይም የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሲያበቃ መልቀቅ ነው። በአዋጁ መሠረት የተመዘገበ ውል ቢኖራት ግን ከተፈቀደው በላይ የሆነውን ጭማሪ ልትቃወም ትችላለች። ኪራዩን ከእጅ ወደ እጅ ከከፈለችና ውሉን ካላስመዘገበች ግን አዋጁ ተፈጻሚ በሆነበት ከተማም ቢሆን መብቷን የምታስረዳበት ማስረጃ አይኖራትም።

ከዚህ እንደሚታየው የለውጡ እምብርት ከጭማሪ ገደቡ ይልቅ ማስረጃው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥርም ቢሆን ጊዜው የተወሰነ የጽሑፍ ውል አከራዩን እስከ ዘመኑ ፍጻሜ ያስገድደዋል፤ የባንክ ደረሰኝም የተከፈለውን መጠን ያረጋግጣል። በመሆኑም የሰቆጣ ተከራይ ዋስትና ከክልሉ ውሳኔ ባልተናነሰ፣ በቃል የሚደረገው ውል ወደ ጽሑፍ በመለወጡ ላይ የተመሠረተ ነው።