የምስጢር ቁጥር ለማን ይነገራል?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በቀድሞው ጊዜ ሰው ገንዘቡን በሣጥን ቈልፎ፥ ደብዳቤውን በመሳቢያ አኑሮ፥ ማኅተሙንም በኪሱ ይዞ ይኖር ነበር። ሌባም ሦስቱን ሁሉ ለመውሰድ ቢፈልግ ሦስት ጊዜ መድከም ነበረበት። ዛሬ ግን ሣጥኑም፥ መሳቢያውም፥ ማኅተሙም በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ተጠቃልለዋል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፥ ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፥ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ መስጠት ካስፋፉ ወዲህ፥ ከሊስትሮ እስከ ትልቅ ነጋዴ ድረስ ገንዘቡን በስልኩ የማያንቀሳቅስ ሰው እያነሰ ሄዷል። ይህ በእርግጥ ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ሀብቱ ሁሉ በአንድ በር ሲገባ የበሩ መክፈቻ ከወርቅ ይልቅ የተወደደ እንደሚሆን መዘንጋት አይገባም። መክፈቻውም የምስጢር ቁጥር የሚባለው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ያነሣሣኝ በቤተ ዘመዴ የደረሰ ነገር ነው። በገበያ ቅመማ ቅመም በመሸጥ የሚተዳደሩ አክስት አሉኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ደውሎ፥ «እማማ፥ ጤና ይስጥልኝ፤ መስመርዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን አምስት አኀዝ ያንብቡልኝ» አላቸው። መልእክቱ ደረሰ። ቁጥሩን ለማንም እንዳይነግሩ የሚያስጠነቅቀው ቃል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበረ አክስቴ ያነበቡት አኀዙን ብቻ ነው። አንብበውም ነገሩት።

ያ ቁጥር የቴሌግራማቸው መግቢያ ነበረ። ሰውየው በዚያው ሌሊት በአክስቴ ስም ሆኖ በዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራው ልጃቸው፥ «ታምሜ ሐኪም ቤት ገብቻለሁ፤ ገንዘቡን በጎረቤቴ ሂሳብ ላኪልኝ» ሲል ጻፈ። ልጅቱም ደንግጣ የሁለት ወር ደመወዟን ላከች። እናቲቱ «የኔ እናት» ብለው ካልሆነ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም ነበር፤ ደብዳቤው ግን በስሟ ይጠራት ነበር። ይህን ያስተዋለችው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። አክስቴን ስለ ነገሩ ብጠይቃቸው፥ «እንዲያ በአክብሮት ሲለምነኝ እንዴት እምቢ ልበለው?» ሲሉ መለሱልኝ።

አድማጮች ሆይ፤ በዚህ መልስ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ሥር ይገኛል። ሌባው ቊልፉን አልሰበረም፤ መክፈቻውን ባለቤቲቱ ራሳቸው በትሕትና አቀበሉት።

አሁን ደግሞ የአሠራሩን ነገር ባጭሩ እንመልከት። አንድ ሰው በአዲስ ስልክ ላይ የእናንተን የስልክ ቁጥር ጽፎ «እኔ እገሌ ነኝ» ቢል፥ የድርጅቱ ኮምፒዩተር ቃሉን ብቻ አያምንም። እውነተኛው ባለቤት ሲም ካርዱን በእጁ እንደያዘ በማሰብ፥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ወደዚያው መስመር ይልካል። ቁጥሩን መልሶ የጻፈውን ሰው ባለቤቱ ነው ብሎ ያስገባዋል። እንግዲህ ሌባው ወደ እናንተ የሚደውለው በሩ ላይ ደርሶ መግባት ስላቃተው ነው። የጐደለችው አንዲት ነገር ያቺው ቁጥር ናት። ቁጥሩን ማንበብ ማለት ስልኩን ራሱን እንደ ማቀበል ይቈጠራል።

በትሕትና መታለል የሰው ብቻ አይደለም፤ በኮምፒዩተርም ደርሷል። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒዩተር በጋራ ይሠሩበት ስለ ነበር፥ ፈርናንዶ ኮርባቶ የተባሉት ሊቅና የሥራ ጓደኞቻቸው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የምስጢር ቃል ሰጡት። በ1962 ግን አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላነሰው፥ የምስጢር ቃላቱ ሁሉ የተመዘገቡበትን ዝርዝር እንዲያትምለት ማሽኑን ጠየቀው። ማሽኑም አተመለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ብዙው ምስጢር የሚወጣው በመሰበር ሳይሆን በመጠየቅ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም። እውነተኛ የባንክ ወይም የስልክ ሠራተኛ ለሥራው ይህ ቁጥር አያስፈልገውም፤ የጠየቀ ሁሉ፥ አነጋገሩ ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን፥ ሌባ ነው ብሎ መገመት ይገባል። ይሉኝታ የያዘው ሰው ካለ፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ ራሴ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውዬ እጠይቃለሁ» ብሎ ስልኩን መዝጋት ይችላል። ይህ ስድብ አይደለም። እውነተኛውን ሰው አያስቀይምም፤ ሐሰተኛውን ግን ያባርራል።

ሁለተኛው ነገር የቁጥሩ አመራረጥ ነው። አራት አኀዝ ያለው ቁጥር በ10,000 ዐይነት፥ ስድስት አኀዝ ያለውም በ1,000,000 ዐይነት ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው የተወለደበትን ዓመት ምስጢሩ ቢያደርግ፥ በሕይወት ያለ ሰው የተወለደባቸው ዓመታት ከመቶ ብዙም ስለማያልፉ፥ አሥሩ ሺህ ወደ መቶ ወረደ ማለት ነው። «1234» ብሎ መጻፍም በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ነው። የስልኩን መክፈቻና የገንዘቡን መክፈቻ አንድ ማድረግም አይገባም፤ አንዱን በትከሻችሁ በኩል አጮልቆ ያየ ሰው ሁለቱንም እንዳያገኝ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ስለ ሆነ በተለይ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። ስልኩ ቢቈለፍም ሲም ካርዱ ካልተቈለፈ ሥራው ግማሽ ነው። የተሰረቀ ስልክ መክፈቻው ባይታወቅም፥ ሌባው ሲም ካርዱን በመርፌ አውጥቶ በሌላ ስልክ ቢያስገባው ለእናንተ የሚላከው ቁጥር ሁሉ ለእርሱ ይደርሰዋል። ስለዚህ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የሲም ካርዱን የራሱን የምስጢር ቁጥር ማብራት ያስፈልጋል። ይህን ስትሠሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ ይዘጋል። የሚከፍተው «ፐክ» የሚባለው ባለ ስምንት አኀዝ ቁጥር ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ሲም ካርዱ በተነቀለበት ትልቅ ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እርሱም አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ካርዱ ከእንግዲህ አያገለግልም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ያን ካርድ ፈልጋችሁ በቤት አስቀምጡት። ደግሞም በተቈለፈ ስልክ ፊት ላይ የመልእክት ጽሑፍ እንዳይታይ አድርጉ፤ አለበለዚያ ሌባው ስልኩን ሳይከፍት ቁጥሩን ያነባል።

ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው «ሴቲንግስ» ከሚለው ገብቶ፥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ይክፈትና ሁለተኛ የምስጢር ቃል ያኑር። አክስቴ ይህን አድርገው ቢሆን ኖሮ አምስቱን አኀዝ ቢያነቡለትም እንኳ ሰውየው በሁለተኛው በር በቆመ ነበር።

አራተኛው ነገር ሐሰተኛ መልእክት ነው። «ይህን ያህል ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ይደርስና፥ ጥቂት ቈይቶ አንድ ሰው ደውሎ፥ «በስሕተት የላክሁት ነው፥ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይላል። መልእክትን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ሂሳብን ግን ማንም ሊጽፈው አይችልም። ስለዚህ ቀሪ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ተመልከቱ፤ የቴሌብር ደንበኛ *127# ብሎ ማየት ይችላል። ገንዘቡ በእውነት ገብቶ ቢገኝም ጉዳዩን ለድርጅቱ ማስታወቅ ይሻላል እንጂ በራስ እጅ መመለስ አይገባም። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም እንዲሁ፥ በጽሑፍ ገንዘብ ሲለመኑ አስቀድመው ይደውሉ። በዛሬው ጊዜ የሰው ድምፅ እንኳ በኮምፒዩተር ሊመሰል ስለሚችል፥ ቤተ ዘመድ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ ደግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ጉዳት ቢደርስስ? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ሰዓት ማባከን አይገባም። ስልኩ ከተሰረቀ በመጀመሪያ መስመሩ እንዲዘጋ ለስልክ ድርጅቱ ማመልከት ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 ይደውላል። ቀጥሎ ለባንኩ ነው፤ ከዚያም ለፖሊስ ነው። ለዚህም *#06# በመጻፍ የሚታየውን የስልኩን ባለ 15 አኀዝ መለያ ቁጥር ዛሬውኑ በወረቀት መዝግባችሁ አኑሩት። የተወሰደው ቴሌግራም ብቻ እንደ ሆነ ደግሞ በራሳችሁ ስልክ «ዲቫይስስ» ከሚለው ገብታችሁ የማታውቁትን ስልክ አስወጡት። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያው ቀን ነባሩን ማስወጣት ስለማይፈቀድለት ያ ቀን የባለቤቱ ነው፤ ቶሎ የሠራበት ያሸንፋል። ጥፋተኛውም ከሕግ አያመልጥም፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ማታለልንና የሌላውን ሰው ማንነት መስረቅን በወንጀል ያስቀጣል። ለወዳጅ ዘመድም ስሜ ተወስዷል ብሎ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እፍረት ይዞት ዝም ሲል ሌባው በዚያው ስም ሌላውን ዘመድ ይዘርፋል። የተታለለ ሰው አያፍርም፤ ማፈር ያለበት ያታለለው ነው።

አክስቴ አሁን ስልካቸውን በሁለት ምስጢር ቈልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው ደውሎ በዚያው በለሰለሰ ቃል ቁጥር ቢጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ቁጥሩን ሳይሆን ምክር ልስጥህ፤ ሠርተህ ብላ» ብለው እንደ ዘጉበት ነግረውኛል። የልጅቱ የሁለት ወር ድካም ግን እስካሁን አልተመለሰም።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ማምሻውን ስልክ ያላችሁ ሁሉ የራሳችሁን ከቈለፋችሁ በኋላ የእናትና የአባታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ፥ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ተርጕማችሁ እንድታስረዷቸው በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።