የቤታችሁ የኢንተርኔት በር፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ማታ 3 ሰዓት ነው። እራት ቀርቦ ተነስቷል። ትልቁ ልጅ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቷል፤ ትንሿ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ስልክ ታያለች፤ አባት ዜና ይከታተላል፤ እናት ለነገ የምትፈልገውን ነገር ትፈልጋለች። ሁሉም ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሁሉም ግን ደጅ ወጥተዋል። የወጡበት በር የግቢው የብረት በር አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጣ መብራቷን ብልጭ ድርግም የምታደርገው ትንሽ ሳጥን ናት።

ውድ አንባቢያን፣ የግቢያችሁን በር ማን እንደሚዘጋው፣ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ለማያውቁት ሰው እንደማይከፈት ታውቃላችሁ። ስለዚህችኛዋ በርስ? የይለፍ ቃሏ ሳጥኗ ስትገዛ ከታች ተለጥፎ የመጣው ነው ወይስ እናንተ ያወጣችሁት? በዚህ ጽሑፍ ይህን በር ከአሮጌ ኮምፒውተር በራሳችሁ እጅ እንዴት መሥራት እንደምትችሉ፣ ከዚያም ባልና ሚስት ቁልፉን እንዴት ሊይዙት እንደሚገባ አብረን እንመለከታለን።

በካዛንቺስ አጠገብ የነበረው በር

ነገሩ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን «ኢንቺስ» የተባለው የጣሊያን ተቋም ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች ነው። ከዚያ ሰፈር አጠገብ፣ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሚሽኑ «ፓዲስ» በተባለው የመረጃ ክፍሉ አማካይነት፣ «ፊዶኔት» በሚባል ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ የተጠቃሚው ኮምፒውተር በሞደም አማካይነት ወደ ኮሚሽኑ ኮምፒውተር ስልክ ይደውልና ደብዳቤውን ያስረክባል። ያኛው ደብዳቤዎቹን አከማችቶ በጊዜው ወደ ውጭ አገር ያስተላልፋል፤ ከውጭ የመጣውንም ለየባለቤቱ ያቆያል። ኢንተርኔት በአገራችን በይፋ አገልግሎት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ሞደም የተገጠመለት አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰዎች በር ሊሆን ይችላል።

በስልክ መስመር የሚደወለው ኢንተርኔት ቤታችን ሲገባም ነገሩ ያው ነበር። ሞደሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካ ካርድ ነበር፤ ፍጥነቱም ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሁለተኛው የዊንዶውስ 98 እትም አንድ ኮምፒውተር መስመሩን ለሌላው እንዲያካፍል የሚያደርግ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ስለዚህ የዛሬዋ ሳጥን የምትሠራውን ሥራ ድሮ የቤቱ ኮምፒውተር ይሠራው ነበር።

ሦስት ሥራ በአንድ ማሽን

ይህች በር ሦስት ሠራተኞች አሏት። ሞደም አስተርጓሚ ነው፤ በመስመሩ ወይም በአየር ላይ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒውተር ወደሚገባው ይለውጣል። ራውተር አከፋፋይ ነው፤ ከውጭ የመጣው መልእክት የማን እንደሆነ አይቶ ለአባት ስልክ ወይም ለልጅ ላፕቶፕ ያደርሳል። ፋየርዎል ደግሞ ዘበኛ ነው። ጥሩ የግቢ ዘበኛ ማን እንደወጣ ያስታውሳል፤ የቤቱ ሰው የላከው ሲመለስ ያስገባል፤ ማንም ያልጠራው እንግዳ ሲያንኳኳ ግን በሩን አይከፍትም። ፋየርዎልም እንዲሁ ነው። ከቤት ለወጣ ጥያቄ የሚመጣን መልስ ያሳልፋል፤ ያልተጠራውን ይመልሳል።

ሦስቱንም በአንድ ኮምፒውተር ማሠራት ይቻላል፤ ሞደምን በተመለከተ ግን ልዩነት አለ። ቤታችሁ የገባው ፋይበር ከሆነ የብርሃኑን ምልክት የሚተረጉመው የአቅራቢው ሳጥን ከቦታው አይነሳም፤ ኮምፒውተሩ ከእርሱ ቀጥሎ ይቆማል። በሲም ካርድ በሚሠራ ዶንግል የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ዶንግሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካል፤ ያኔ ሦስቱም ሥራ አንድ ቦታ ይሆናል። ይህ ለሚዛወር ቤተሰብ ጥቅም አለው። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረ ቤተሰብ መደበኛውን መስመር ተሸክሞ ሊሄድ አይችልም፤ እንዲህ ያለውን በር ግን ከዕቃው ጋር ጭኖ ይሄዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግም። 64 ቢት ፕሮሰሰር ያለው፣ 2 ጊጋባይት ራም የያዘ፣ ቢሮዎች የጣሉት አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ ሊኖሩት ይገባል፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ቤት። አንድ ብቻ ካለው ተጨማሪ ኔትወርክ ካርድ ይገጠምለታል። ከዚህ ሌላ ሁለት የኔትወርክ ገመድ፣ አንድ ፍላሽ፣ ለጊዜው የምትጠቀሙበት ስክሪንና ኪቦርድ ያስፈልጋሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አስሉ። ይህ ማሽን ሌሊትም አይጠፋም። 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በ30 ቀን 43 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። 15 ዋት የሚወስድ አነስተኛ ኮምፒውተር ግን 11 ገደማ ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ትንሹን ብታገኙ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ድንገት እንዳይዘጋም ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይረዳል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

1. ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ አቧራውን አጽዱ። ከዚያ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። የሚጫነው ሲስተም ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ የሠርጋችሁ ፎቶ እዚያ ውስጥ ካለ አብሮ ይጠፋል።

2. ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ በነፃ የሚገኙ ሲስተሞች አሉ፤ አይፒፋየር፣ ኦፒኤንሴንስ፣ ኦፕንደብልዩአርቲ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ለጀማሪ አይፒፋየር ለመረዳት ይቀላል። በሌላ ኮምፒውተር ከራሱ ከአዘጋጁ ገጽ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑት።

3. አይፒፋየር መሰኪያዎቹን በቀለም ይለያቸዋል። ቀይ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ነው፤ አረንጓዴ የቤታችሁ ነው፤ ሰማያዊ ለዋይፋይ የሚለየው ነው። ገመዶቹን ስትሰኩ ቀዩንና አረንጓዴውን እንዳታቀያይሩ በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉባቸው።

4. ሲጫን ሁለት የይለፍ ቃል ያስወጣችኋል፤ አንዱ ለማሽኑ፣ ሌላው ከብሮውዘር ሆናችሁ ለምታስተዳድሩበት ገጽ። የልጃችሁን የልደት ቀን አታድርጉት፤ ልጃችሁ መጀመሪያ የሚሞክረው እርሱን ነው።

5. የድሮዋን የዋይፋይ ሳጥን አትጣሏት። አድራሻ የማደል ሥራዋን አጥፍታችሁ ከአረንጓዴው በኩል ብትሰኳት ዋይፋይ ብቻ ታከፋፍላለች።

6. ስልክ አንድን ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጥለትን አገልግሎት ይጠይቃል። ለቤተሰብ ተብለው የተዘጋጁ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች አሉ። ክላውድፌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተው 1.1.1.3 ከነዚህ አንዱ ነው፤ የብልግና ገጾችንና ጎጂ ፕሮግራም የሚያሰራጩትን ስማቸው ሲጠራ መልስ አይሰጥም። ይህን ቁጥር ማሽኑ ላይ አስገቡ።

7. የልጆቹ ስልክና ላፕቶፕ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል በሰዓት የሚሠራ ደንብ አስገቡ። ማሻሻያ ሲወጣም ሳትዘገዩ ጫኑ፤ የማይታደስ ዘበኛ ውሎ አድሮ ይተኛል።

ዘበኛው የማያየው

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ስትጨርሱ «አሁን ቤታችን ተጠብቋል» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሲም ካርድ ያለው ስልክ የራሱ በር አለው፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ በዳታ መውጣት ይችላል። ቪፒኤን የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በዘበኛው ፊት ተሸፋፍኖ ያልፋል።

ዘበኛው የሚያየውም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ዛሬ አብዛኞቹ ገጾች መልእክታቸውን ቆልፈው ነው የሚልኩት። ማሽኑ አንድ ሰው የትኛውን ቤት እንዳንኳኳ ሊመዘግብ ይችላል፤ እዚያ ገብቶ ምን እንደተነጋገረ ግን አያውቅም። ይህች ትንሽ ነጥብ በትዳር ውስጥ ትልቅ ልትሆን ትችላለች።

የአንድ ቤት ምሳሌ

እስቲ አንድ ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ባል ኮምፒውተር ይወዳል። በሦስት ቅዳሜዎች በሩን ሠርቶ ጨረሰ፤ የልጆቹም ስልክ ማታ 4 ሰዓት ላይ መዘጋት ጀመረ። ሚስት ደስ አላት። የይለፍ ቃሉን ግን አልነገራትም፤ እርሷም አልጠየቀችም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባል የማሽኑን መዝገብ ማገላበጥ ጀመረ። የልጆቹን ፈልጎ ገብቶ የሚስቱን አየ። ሌሊት 7 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ፣ የማያውቃቸው ገጾች። አልጠየቃትም፤ ግን ተለወጠ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ቀና ብሎ ያያል። አንድ ማታ ግን አላስቻለውም።

«ሌሊት ከማን ጋር ነው የምታመሺው?» አላት።

ሚስት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሁለት ሳምንት እንደሆናት፣ ፈርታ ለማንም እንዳልተናገረች፣ ሌሊት ሌሊት ስለ በሽታው ስታነብ እንደምታድር ነገረችው። እንባዋን ጠርጋም ጠየቀችው፤ «የእኔን ስታነብ ነበር። ያንተ ስልክ ግን መዝገቡ ላይ አለ?»

አልነበረም። ሲሠራው የራሱን ስልክ ከደንቡ ውጭ አድርጎት ነበር።

ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ቤቱን ሊጠብቅ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ገጹን አይቶ ሚስቱን ሳያያት ቀረ። ሐኪም ዘንድ አብሯት ሊሄድ ሲገባው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰልሏታል። ማሽኑ አልዋሸውም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረው። ሌላውን ግማሽ ሊሰማ የሚችለው ከእርሷ አንደበት ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ሁለቱንም የይለፍ ቃሎች በወረቀት ጽፋችሁ በፖስታ አሽጉና የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ ከተቀመጠበት ቦታ አኑሩት። አንዳችሁ ለሥራ ክፍለ አገር ብትሄዱ ሌላችሁ ማሽኑን ማስነሳት መቻል አለባችሁ።

ሁለተኛ፣ ለልጆች የወጣው የሰዓት ደንብ እንደ ዕድሜያቸው ይለያይ፤ ገጽ የሚከለክለው ደንብ ግን አባትንም እናትንም ይጨምር። ልጅ ደንቡን የሚያከብረው አባቱ ሲያከብረው ሲያይ ነው።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ ምን እንዲይዝና ስንት ቀን እንዲቆይ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማየት ካስፈለገ ሁለታችሁ አብራችሁ እዩት። ከመዝገቡ ላይ ያገኛችሁት ነገር ካሳሰባችሁም ክስ አታድርጉት፤ «ደህና ነሽ ወይ?»፣ «ምን አስጨነቀህ?» ብላችሁ ጀምሩ።

ለልጆቻችሁም ዘበኛው መኖሩን ንገሯቸው። በድብቅ የሚጠበቅ ልጅ በድብቅ መውጫ ይፈልጋል፤ ምክንያቱ የተነገረው ልጅ ግን ዳታውን ከፍቶ ከዘበኛው ሲያመልጥም ቃላችሁ ይከተለዋል።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. የቤታችንን የኢንተርኔት የይለፍ ቃል ሁለታችንም እናውቀዋለን? ካልሆነ ለምን?
2. ልጆቻችንን የከለከልነውን ነገር ለራሳችን የፈቀድነው የት ላይ ነው?
3. ሌሊት ለኢንተርኔት የምጠይቀው፣ ለትዳር ጓደኛዬ ግን ያልነገርኩት ጥያቄ አለ?

ሦስተኛውን ጥያቄ ዛሬ ማታ፣ ስልኮቹን አስቀምጣችሁ ተነጋገሩበት። ማሽኑን ቅዳሜ ትሠሩታላችሁ።