ከኋላዎ የሚመጣው ሹፌር ምን ያያል?

መኪናዎን ከኋላ ሆነው የሚያዩት ስንት ጊዜ ነው? ሲነዱ አያዩትም፤ ሲያቆሙም ልጆቹንና ዕቃውን አውርዶ ወደ ቤት መግባት ነው። ለዚህም ነው የኋላ መብራት ሲቃጠል ወሬውን መጨረሻ ላይ የሚሰማው ባለቤቱ የሚሆነው፤ እሱም ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ወይም አንድ ደግ ሰው በመስኮት «መብራትህ አይሠራም!» ብሎ ሲጮህለት ነው።

ከኋላ የሚመጣው ሹፌር የሚያየው ግን ሌላ ነው። ማታ በቀለበት መንገድ ላይ አንድ የኋላ መብራት ብቻ ያለው መኪና ከርቀት ሞተር ብስክሌት ይመስላል። ሹፌሩ «ማለፊያ አለ» ብሎ የሚያስበው መብራት በሌለበት ጎን ነው። በዚያ ጎን የኋላ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ደግሞ ልጅ ነው።

አብዛኞቻችን የምንነዳው አሮጌ መኪና ነው፤ ገና ብዙ ዓመት አብረነው የምንቆይም ይመስላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ከፍ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ደጃፍ ላይ የቆመው ኮሮላ ወይም ቪትዝ «እስክንቀይረው» የሚባል ሳይሆን የሚጠገን መኪና ሆኗል። ገንዘብ ሲገኝ ቀለም ወይም ጎማ ጌጥ የሚያስቀድሙ አሉ። እኔ የማስቀድመው የኋላ መብራቱንና አላርሙን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲመሽ በግቢ ውስጥ ሞተር ሳያስነሱ፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ አንዱን ልጅ ከመኪናው ጎን ራቅ አድርገው ያቁሙና ፓርኪንጉን፣ ፍሬኑን፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻውን በተራ ያሳዩት። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ የሚሳሳቱትም ከእኛ ባነሰ ነው። ፍሬቻው ከወትሮው ፈጥኖ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ በዚያ ጎን አንድ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው። ፍሬን ሲይዙ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ አብሮ ከበራ ግን አምፖሉን ከመቀየርዎ በፊት የመብራቱን ኔጋቲቭ ሽቦ ያስፈትሹ፤ ዝጎ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል።

በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የፓርኪንግና የፍሬን መብራት አንድ አምፖል ነው። ውስጡ 5 ዋትና 21 ዋት የሆኑ ሁለት ክሮች አሉት። አምፖሉ ጎን ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ከፍታቸው የማይመሳሰለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ተብሎ ነው። በኃይል ተገልብጦ ከገባ ማታውን ሙሉ ደምቆ ይበራል፤ ፍሬን ሲያዝም ልዩነቱ ለማንም አይታይም። ለዓይን የሚያምር ነጭ ኤል ኢ ዲ አምፖልም አይመከርም፤ በቀይ ፕላስቲክ ውስጥ ሲበራ ወደ ሮዝ ያደላል፤ በአሮጌ መኪና ፍሬቻ ላይ ሲገባ ደግሞ ያንን ፈጣን «ቀጭ ቀጭ» ያመጣል።

ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ግን አምፖል መቀየር አይበቃም። ቀይ ፕላስተር ለጥፎ ዓመት ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ሶኬቱን ያዝገዋል። ሙሉ መብራቱን መቀየር እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። በኮሮላ ዓይነት መኪና የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍተው ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርጉ ሶኬቱንና ዳዶዎቹን ያገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ የ10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። መብራቱ ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበትን ጎማ አይርሱት። የደረቀ ጎማ ይዞ የገባ አዲስ መብራት ውኃውን ወደ ዕቃ መጫኛው ያወርደዋል። ዳዶውንም ከልክ በላይ አያጥብቁ፤ ፕላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት አሮጌውን መብራት ፈትተው በፌስታል ይያዙ፤ የሊብሬውን ፎቶም እንዲሁ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ኮሮላዎች በተሠሩበት ዓመት ምክንያት የማይገጥም መብራት ይኖራቸዋል። ፕላስቲኩ ላይ የአምራቹ ስምና ቁጥር ተቀርጿል፤ ኮይቶ፣ ስታንሌይ ወይም ኢቺኮ ካለ የጃፓን አምራቾች ናቸው፣ ዴፖ የታይዋን ነው። ቁጥሩን ከቁጥሩ ያመሳክሩ። ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርዎት፦ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ቁጥሩ ይነግርዎታል።

ያገለገለ መብራት መግዛት ነውር የለበትም። ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ ግን ዋጋ አለው። የመብራቱን ጀርባ ገልብጠው ሽቦውን ይዩ። መኪና ተረጋግቶ የሚፈታ ባለሙያ ሶኬቱን ነቅሎ ያወጣል፤ ሽቦውን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። የተቆረጠ ሽቦ፣ ጠርዙ ላይ የካቻቪቴ ጭረት፣ በዚያ ላይ ሻጩ ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ትናንት ማታ ከአንድ ሰው ደጃፍ የተነቀለ ሊሆን ይችላል፤ ገዢ እስካለ ድረስም የእርስዎ መኪና ተራ ይደርሰዋል።

ወደ አላርሙ እንምጣ። መኪናው ሲቆለፍና ሲከፈት ፍሬቻዎቹን ብልጭ የሚያደርጋቸው የአላርሙ ሳጥን ነው። የኋላ መብራቱ ሶኬት ረጥቦ ሾርት ካደረገ የአላርሙን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። አላርሙ ተበላሸ ተብሎ አዲስ ሲገጠምለት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ አላርሙ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሥራ ሳይጀምር የአሮጌውን ሳጥን ሽቦዎች በስልክዎ ፎቶ አንሱ ይበሉት፤ ወይም ራስዎ ያንሱ። አላርሙ ስርቆት እንዲከላከል ሲገጠም አንድ የመኪናው ሽቦ ተቆርጦ በሳጥኑ በኩል እንዲያልፍ ተደርጎ ይሆናል። ሳጥኑ ሲነሳ ሁለቱ ጫፎች ካልተገናኙ መኪናው አልነሳም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ነው፣ ሞተሪኖው ነው እየተባለ ቀኑ ያልቃል።

ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ «የሚያቋርጠው የትኛውን ነው?» መልሱ «ሞተሪኖውን» ከሆነ ጥሩ ነው፤ አላርሙ ቢበላሽም የቆመ መኪና አይነሳም እንጂ የሚሄድ መኪና አይጠፋም። የነዳጅ ፓምፑን ወይም የሞተሩን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ሳጥኑ የተሳሳተ ቀን ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል። ያኔ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል። ቁልቁለት ላይ፣ ቤተሰብ ጭነው፣ ይህ እንዲደርስብዎ አይፈልጉም። ባለሙያው «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያሠራው» ቢልዎትም አይቀበሉት። ሽቦዎቹም ተጠምዝዘው በፕላስተር ብቻ ሳይሆን በብየዳ ይያያዙ፤ ዋናው የኃይል ሽቦ የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

ንዝረት የሚለካው ክፍል ትንሽ ማስተካከያ አለው። ልኩ ከፍ ብሎ ከተተወ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። በሳምንቱ ዘበኛውም ጎረቤቱም መስማት ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ሌባ ቢመጣም የሚወጣ ሰው የለም። በመዳፍዎ መስታወቱን ጠንከር አድርገው ሲመቱት የሚጮህ፣ መኪና ሲያልፍ ዝም የሚል እስኪሆን ድረስ ባለሙያውን አይልቀቁት።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት የመጠባበቂያውን ቁልፍ ያሳይዎት። ብዙ አላርሞች ሪሞቱ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ጩኸቱን የሚያቆም ትንሽ የተደበቀ ቁልፍ አላቸው፤ ዳሽቦርዱ ሥር ወይም ወንበሩ አጠገብ ይሆናል። መኪናውን የሚነዱ ሁሉ፣ እናትም አባትም፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ካለም እሱ፣ ጨለማ ውስጥ በእጃቸው ዳስሰው እስኪያገኙት ይለማመዱት። ለመኪና አጣቢው ግን አያሳዩት።