አነበበ፤ ገባውስ?

ልጃችን የሳይንስ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ ብዙዎቻችን «በቃልህ ያዘው» እንላለን። እርሱም አንድ ቃል ሳይጥል ያንበለብለዋል። «ምን ማለት ነው?» ስንለው ግን ዝም ይላል። ማንበብና አንብቦ መረዳት ለየቅል ናቸው። ክፍሉ ከፍ ሲል፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በሽምደዳ የመጣ ልጅ መንገድ ላይ ይቀራል።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ጆን ጋትሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ንባብንና ሳይንስን አብሮ የሚያስተምር ዘዴ አዘጋጅተዋል። ልጆቹ አስቀድመው ነገሩን በዓይናቸው ያያሉ፤ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ከመጻሕፍት ይፈልጋሉ፤ ያገኙትንም አሳጥረው ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናታቸው በዚህ መንገድ የተማሩት የሦስተኛ ክፍል ልጆች፣ የአነባበብ ስልት ብቻ ከተማሩት ይልቅ ያነበቡትን በመረዳት በልጠው ተገኝተዋል። የማንበብ ፍላጎታቸውም የበለጠ ነበር።

ይህን በቤታችን ለመሞከር ጥቂት ባቄላ፣ ጥጥና ሁለት ብርጭቆ ይበቃል።

1. አስገምቱት። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ባቄላ በሁለቱም ብርጭቆ እርጥብ ጥጥ ላይ አድርጉ። አንዱን መስኮት አጠገብ፣ ሌላውን ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡና «የትኛው ይበቅላል?» ብላችሁ ጠይቁት።

2. አስነብቡት። ዘር ለመብቀል ውኃ፣ አየርና ተስማሚ ሙቀት እንደሚያስፈልገው የሚናገረውን ክፍል ያንብብ። «ብርሃን ያስፈልጋል ይላል?» በሉት። ተመልሶ ይፈልጋል። አንድን ነገር ፈልጎ ወደ ጽሑፉ መመለስ የመረዳት መጀመሪያ ነው።

3. አስተያዩት። ጥጡ እንዳይደርቅ እየጠበቃችሁ ጥቂት ቀናት ቆዩ። ፍሬው የራሱን ስንቅ ስለያዘ በጨለማም ይበቅላል፤ መጀመሪያ የሚወጣውም ሥሩ ነው። በጨለማ ያደገው ቡቃያ ግን ገርጥቶና ቀጥኖ ይረዝማል። ስንቁ ሲያልቅ ምግቡን በብርሃን መሥራት አለበት። ያን ጊዜ «ብርሃን አስተጻምሮ» የሚለው ቃል ለልጁ ትርጉም ያገኛል።

4. አስነግሩት። መጽሐፉን ዘግቶ ለታናሹ በራሱ አባባል ያስረዳ። የተደናገረበት ቦታ ካለ እንደገና ገልጦ ያንብብ።

ለዚህ የሳይንስ መምህር መሆን አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇን «እንዴት አወቅህ? የት ላይ ይላል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ልጁ መልሱን ፈልጎ ጣቱን መስመሩ ላይ ሲያሳርፍ፣ የሚያነበውን መረዳት ጀምሯል ማለት ነው።