ጌጥ ተብሎ የሚሰረዘው መስመር

ጀልባ በሚሠራበትም ሆነ በሚጠገንበት ስፍራ ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም ጥንካሬ የሚገኘው ከቁሱ ብቻ እንደሆነ፣ ቅርጽ ግን ዐይንን ለማስደሰት የሚጨመር ጌጥ በመሆኑ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ ሊሰረዝ እንደሚችል የሚቆጥር ነው። ይህ አስተሳሰብ ለመዝናኛ ዓሣ ማስገሪያ የሚሆን ውድ ጀልባ በልኩ በሚያሠራ ባለጸጋ ዘንድም ሆነ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርዶ ቆሮሶና አምባዛ ለሚያሰግር ማኅበር ጀልባ በሚገዛ አካል ዘንድ ልዩነት የለውም፤ ልዩነቱ የሚታየው በጉዳቱ ላይ ነው፤ ባለጸጋው ምቾቱን ሲያጣ አስጋሪው የዕለት ገቢውን፣ አንዳንዴም ደኅንነቱን ያጣል።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የተከዜ ግድብ ያቆመው ውኃ በትግራይና በዋግ ኽምራ መካከል ባለው ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ረዥም ሐይቅ ፈጥሮ፣ በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎች ዳርቻ አዲስ የዓሣ ማስገር ሥራ አምጥቷል። ሐይቁ በዓመት ውስጥ ብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ስለሚል ቋሚ ወደብ ሊኖረው አይችልም፤ ጀልባው በሰው ጉልበት ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ይጎተታል፤ ነፋስ ሸለቆውን ተከትሎ ሲነፍስ ደግሞ የሚያስነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ ለሞተሩ የሚደርሰው አየር ሳስቶ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ትርፍ ክብደት በነዳጅም በጉልበትም ይከፈልበታል።

ለዚህ ማስታወሻ መነሻ የሆነው ለእንዲህ ዓይነቱ የግድብ ሐይቅ ታስቦ የተሠራ አንድ የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የጀልባው አፍንጫ ክፍት ነበር፤ ክፍት አፍንጫ ማለት የጀልባው የፊት ጎን ከውኃው መስመር ወደ ላይ በወጣ መጠን ወደ ውጭ እየተዘረጋ የሚሄድበት ቅርጽ ነው። ንድፉን የገመገመው አካል ይህን «የውጭ አገር ጌጥ» ብሎ ሰርዞ ጎኑ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ በተረፈው ገንዘብም ግድግዳው እንዲወፍር አዘዘ። ውጤቱ ከባድ፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ውኃ የሚያስገባ፣ ከአስጋሪዎቹ አንዱ መረብ መሳቡን ትቶ በጣሳ ውኃ ሲቀዳ የሚውልበት ጀልባ ሆነ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጥፋቱ የቁሱ ነው ተብሎ፣ ፋይበር ግላስ ለዚህ ውኃ አይሆንም የሚል ድምዳሜ ላይ መደረሱ ነው።

ክፍት አፍንጫ እንዴት እንደ ተገኘ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በሮአኖክ ደሴት፣ እንደ ዋረን ኦኒል ያሉ ጀልባ ሠሪዎች ይህን ቅርጽ ያዳበሩት ለቁንጅና ውድድር አልነበረም፤ ወደ ውቅያኖስ የሚወጡበት ኦሪገን ኢንሌት የተባለው መውጫ ማዕበሉ አጭርና ተሰባሪ በመሆኑ፣ ጀልባው ማዕበሉን ሲሰነጥቅ የሚነሣውን ውኃ ወደ ጎን የሚገፋ፣ አፍንጫው ወደ ታች ሲወርድም እየሰፋ ስለሚሄድ መልሶ የሚያንሳፍፈው ጎን ስላስፈለጋቸው ነው። ሥራው ዐይንን የሚማርክ ሆኖ መገኘቱ ጥፋት ሊሆን አይገባም። ከዚያ በኋላ ቁሱ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1960 የሃተራስ ኩባንያ 12 ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም የፋይበር ግላስ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ወደ ውኃ ሲያወርድ፣ በዚህ ቁስ ይህን ያህል ትልቅ ጀልባ መሥራት ለብዙዎች የማይታመን ነበር፤ ዛሬም በልክ የሚሠሩት ታላላቅ ጀልባዎች ከፊሎቹ ቀጫጭን የእንጨት ንጣፎችን በሰያፍ ደራርቦ በኢፖክሲ ሙጫ በማጣበቅ፣ ከፊሎቹም በፎምና በመስታወት ጨርቅ ይገነባሉ። አፍንጫው ግን በሁሉም ዘንድ ክፍት ሆኖ ቀጥሏል፤ ማዕበሉ አልተለወጠምና።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ማስረጃ ከጣና የተነሣው ነው። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ሐይቅ ነበር፤ ራ የተባለውን ጀልባ ግን ግብፅ ውስጥ የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ የጀልባው ጭራ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ከቁልምሙ ጫፍ እስከ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ገመዱ ቁልምሙን ቅርጽ ለማስያዝ ብቻ የታሰረ ስለመሰላቸው፣ ጭራው ያለ እርሱ መቆም እንደቻለ ሲያዩ አስቀሩት። በባሕር ላይ ግን የጀልባው የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ መስመጥ ጀመረ፤ ቁልምሙ ከገመዱ ጋር ሆኖ የኋላውን ክፍል ወደ ላይ የሚስብ ውጥረት መፍጠር የነበረበት መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ጀልባው ባርቤዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሠራተኞቹ ለቀውት ወጡ። በቀጣዩ ዓመት የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የሠሩት ሁለተኛው ራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። የመጀመሪያውን ጉዞ ያሰናከለው ደንገሉ አልነበረም፤ ጌጥ ተብሎ የቀረ ገመድ እንጂ።

ጥምር ቁስ የሚባለው፣ ማለትም በጠባያቸው የማይመሳሰሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ነገሮች እየተደጋገፉ አንድ ጭነት የሚሸከሙበት ግንባታ፣ በዚህ ረገድ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሲለሰን ጭዱ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ እንደሚይዘው ሁሉ፣ በፋይበር ግላስ ውስጥም መሳብን የሚቋቋመው የመስታወቱ ክር ሲሆን ሬዚኑ፣ ማለትም ፈሳሹ ማጣበቂያ፣ ክሩን በቦታው ይይዛል። ስለዚህ ውፍረት ብቻውን ጥንካሬ አይደለም። በእጅ እየተቀባ በሚሠራ ጀልባ ላይ መስታወቱ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ገደማ ብቻ ነው፤ አየሩ በቫኩም ተስቦ ሬዚኑ እንዲሰርግ ሲደረግ ግን ከግማሽ ሊበልጥ ይችላል። ሬዚን እየጨመሩ ማወፈር ክብደትና ተሰባሪነት መጨመር ነው። አንድን ንጣፍ ለሁለት ከፍሎ በመካከሉ የንጣፉን ያህል ውፍረት ያለው ቀላል ፎም ማስገባት፣ ክብደቱን ብዙም ሳያበዛ ላለመጎበጥ ያለውን ዐቅም ወደ 7 እጥፍ ያሳድገዋል። ከዚህም የሚረክሰው ዘዴ ንጣፉን ጎበጥ ማድረግ ነው፤ ቀጥ ያለ ሰፊ ንጣፍ ማዕበል በመታው ቁጥር ሲርገበገብ፣ የጎበጠው በቅርጹ ብቻ ጸንቶ ይቆማል። በዋግ ኽምራ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በቢሊዮን በሚቆጠር ሜትር ኪዩብ ውኃ ፊት የቆመው በክብደቱ ብዛት ሳይሆን በቅስቱ ነው፤ የውኃውን ግፊት ወደ ግራና ቀኝ ገደል የሚያስተላልፈው ያ ጉብጠት ነው። እንግዲህ የጀልባውን ጎን አቅንቶ በምትኩ ማወፈር፣ ከቅርጹ በነጻ የሚገኘውን ጥንካሬ ጥሎ በሬዚን መልሶ መግዛት ነው።

«ፋይበር ግላስ አይበሰብስም» የሚለው አባባልም የዚሁ ስሕተት ሌላ ፊት ነው። መስታወቱና ሬዚኑ አይበሰብሱም፤ ሞተሩ በሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ኮምፔርሳቶ ግን ይበሰብሳል። ለብሎን የተበሳ ቀዳዳ ዙሪያው በኢፖክሲ ካልታሸገ ውኃው ቀስ እያለ ገብቶ እንጨቱን ያላሽቀዋል፤ ከውጭ ግን ቀለሙ እንዳማረ ስለሚቆይ ብልሽቱ የሚታወቀው ሞተሩ ማዘንበል ሲጀምር ነው።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይፈጸማል። ባህልን ለማክበር በሚል በፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ የደንገል ታንኳን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ አፍንጫ የሚያስቀጥሉ ደንበኞች አሉ፤ ፍላጎታቸው የሚከበር ነው። ሆኖም ታንኳ አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያነሣው የደንገሉ የተቆረጠ ጫፍ ከውኃ በላይ ሆኖ ውኃ እንዳይስብ፣ ሾጣጣው ነዶም በማዕበሉ ላይ እንዲወጣ ነው፤ የሚመጥጥ ጫፍ በሌለው ቁስ ላይ ይኸው ቅርጽ ነፋስ የሚይዝ ሸክም ብቻ ይሆናል። የላሊበላው ቤተ አማኑኤል ድንጋይ ጠራቢዎች በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእውነተኛ እንጨትና ግንብ ተደራርቦ የሚታየውን አሠራር በአንድ ወጥ ዓለት ላይ ሲቀርጹ፣ ቅርጹ ሸክም ከመሸከም ወደ መታሰቢያነት ተሸጋግሯል፤ ለቤተ መቅደስ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። በነፋስ መካከል መረብ የሚሳብበት ጀልባ ግን ሥራ የሌለውን ቅርጽ ሊሸከም አይችልም።

ስለዚህ ለተከዜ በሚቀርብ የጀልባ ንድፍ ላይ የአፍንጫው አከፋፈትና የጎኑ ጉብጠት ከመስታወቱ፣ ከሬዚኑና ከሞተሩ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ገብተው ዋጋቸው ሊሰላ ይገባል፤ ከእነዚህ አንዱን ልሰርዝ የሚል አካልም የመስመሩን ሥራ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራው፣ ያም ምን ያህል ኪሎ ግራም እንደሚጨምር ፊርማው ባረፈበት ወረቀት ላይ እንዲያሰፍር መጠየቅ አለበት።