ወፍራም አክሪሊክ፦ የሚባለውና እውነቱ

ጎሮ፣ አይሲቲ ፓርክ አካባቢ ካሉ የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ጓሮ ዘልቆ ላየ ሰው፣ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ የለበሰ ወፍራም አክሪሊክ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ የሽልማት ዋንጫ ተቆርጦበት የተረፈ ነው። ሌላው አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያው ላይ አርማውን ለጥፎበት የነበረ፣ ቢሮው ሲታደስ የወጣ ነው። ኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም አሮጌ ታፔላ በብዛት ወርዷል። አብዛኛው ቀጭን ቢሆንም በመሃሉ 20 እና 30 ሚሊሜትር የሚደርስ ይገኛል። ባለቤቱን ምን ሊያደርግበት እንዳሰበ ብትጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ተጭሯል፣ ከእንግዲህ ምን ይሆናል?» ይህን ቁስ መጣልም ሆነ ያለ ቦታው ማዋል ያንገበግበኛል። ሁለቱም የሚመጡት ስለ አክሪሊክ ሳይመረመሩ ከሚነገሩ ጥቂት አባባሎች ነው።

«ከተጫረ አለቀለት»

ብዙ አክሪሊክ ያስጣለው ይህ አባባል ነው። የተጫረ መስታወትን መመለስ እውነትም ከባድ ነው። አክሪሊክ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ላዩ ላይ የተቀባ ነገር የለውም። ስለዚህ ጭረቱ እስከደረሰበት ጥልቀት ዙሪያውን ፍቆ ማውረድ ይቻላል። ከ30 ሚሊሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ቢነሳ ማንም አይለየውም።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ውድ ማሽን አይጠይቅም። ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢዎች በውኃ የሚሠሩበት ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ በ400 ቁጥር ይጀመራል፤ ከዚያ 600፣ 800፣ 1200፣ በመጨረሻ 2000። ውኃው መቋረጥ የለበትም፤ ደረቅ ፍተጋ ሙቀት ይፈጥራል፣ የሞቀ አክሪሊክ ደግሞ ይለሰልስና ወረቀቱን ይደፍነዋል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ሲዘለል ነው። 400 የተወውን መስመር 600 ካላጠፋው 2000 ፈጽሞ አያጠፋውም። በየቁጥሩ የፍተጋውን አቅጣጫ መቀየር፣ አንዴ አግድም አንዴ ቁልቁል፣ የቀደመው መስመር መጥፋቱን በዓይን ለማረጋገጥ ያስችላል። ከ2000 በኋላ ላዩ ጉም የለበሰ ይመስላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አበላሸሁት» ብሎ ይተወዋል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ የመኪና ፖሊሽ እየተደረገ ሲታሽ ግን ጉሙ ይገፈፋል፤ ከሥሩ የተነጠፈ ጋዜጣ ካለ መጀመሪያ አርዕስቱ፣ ቀጥሎ ደቃቁ ፊደል መነበብ ይጀምራል።

ሲወፍር ይደበዝዛል የሚሉም አሉ። ይህ ከመስታወት የተወሰደ ግምት ነው፤ ተራ መስታወት ውስጡ ባለው ብረት የተነሳ ሲወፍር ወደ አረንጓዴ ያደላል። አክሪሊክ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ዱባይ ሞል የሄደ ሰው ትልቁ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች ያየው 750 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው አክሪሊክ በኩል ነው።

«ፀሐይ ቢጫ ያደርገዋል»

በረንዳ ላይ የተሠራ ግልጽ ጣሪያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ሲሆን ያላየ የለም። ያ ግን ብዙውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት ነው። በደንብ የተሠራ አክሪሊክ ፀሐይን ለረጅም ዓመታት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦሊምፒክ የተካሄደበት የሙኒክ ስታዲየም ጣሪያ የተሸፈነው በአክሪሊክ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ በፕላስቲክ ላይ ትበረታለች። ስለዚህ ከቤት ውጭ ለሚውል ሥራ ሁለቱን መለየት ግድ ነው። ቀላሉ መንገድ ጠርዙ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ መብሳት ነው። የፖሊካርቦኔት ፍቅፋቂ ረጅምና ጥምዝ ሆኖ ይወጣል፣ ብታጥፉትም አይሰበርም። የአክሪሊክ ፍቅፋቂ ተሰባሪ ነው፣ በጣት ሲታሽ ይደቅቃል።

«በአልኮል ወልወል ማድረግ ነው»

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ በኋላ ባንኩም ፋርማሲውም መስኮቱ ላይ አክሪሊክ ተከለ፤ በየቀኑም በሳኒታይዘር ይወለወል ነበር። ከጊዜ በኋላ በቀዳዳዎቹና በተቆረጡት ጠርዞች ዙሪያ ደቃቅ ስንጥቆች ሲታዩ የተወቀሰው የዕቃው ጥራት ነበር። ያሰነጠቀው ግን አልኮሉ ነው። አክሪሊክ ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲታጠፍ ውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ አልኮል፣ ቤንዚንና አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ያንን ውጥረት ወደ ስንጥቅ ይለውጡታል። ይህ ስንጥቅ ከጭረት ይለያል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚሄድ በብርጭቆ ወረቀት አይወጣም። ለብ ያለ ውኃ፣ ቀላል ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ጎሮ አቧራ ስለሚበዛባት መጀመሪያ አቧራውን በውኃ ማስወረድ ያስፈልጋል፤ በደረቅ ጨርቅ ማበስ ራሱ መጫር ነው።

«ይህን የሚያህል ውፍረት ምን ያቅተዋል?»

እዚህ ላይ ግምቱ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳል። ስለ ክብደቱ እንጀምር። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ሙሉ ሉህ 30 ሚሊሜትር ሲወፍር 106 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያው መጠን ያለው መስታወት 220 ኪሎ ያልፋል፤ አክሪሊኩ ግማሽ ያህል ቢቀልም ለሁለት ሰው የሚሸከሙት አይደለም። በእኩል ውፍረት ሲነጻጸሩ ደግሞ አክሪሊክ ከመስታወት ከ20 እጥፍ በላይ በቀላሉ ይጎብጣል። ውፍረት ይህን በእጅጉ ያሻሽለዋል፤ 30 ሚሊሜትሩ ከ10 ሚሊሜትሩ 27 እጥፍ ይገትራል። ነገር ግን ሸክም ሲቆይበት አክሪሊክ ቀስ በቀስ መርገቡ አይቀርም። ዓመቱን ሙሉ መጽሐፍ የተጫነበት መደርደሪያ ሸክሙ ቢነሳለትም ወደ ቀጥታው ላይመለስ ይችላል። ለጠረጴዛ ሲውል መሃሉን የሚደግፍ እግር ወይም የብረት ክፈፍ ያስፈልገዋል።

ያንን ክፈፍ በጠባብ ቀዳዳና በጠበቀ ብሎን ማሰር ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። አክሪሊክ ሲሞቅ ይረዝማል፤ የኅዳር ንጋት ብርድና የቀትር ፀሐይ በሚፈራረቁበት በረንዳ ላይ፣ የሙቀቱ ልዩነት 20 ዲግሪ ሲሆን፣ የ2.44 ሜትሩ ሉህ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ካላለ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ከወፍራም አክሪሊክ የሚሠራ የቡና ጠረጴዛ ያምራል፤ እኔም እመክረዋለሁ። ሙቀቱን ግን ማወቅ ይገባል። አክሪሊክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሲኒ ላይ የተቀዳ ቡና አይጎዳውም። ከፍም ላይ የተነሳ የጀበና ቂጥ ግን ከውኃው እጅግ ይበልጥ ይሞቃል፤ ማቶቱ ላይ እንጂ በቀጥታ መቀመጥ የለበትም። የከሰል ምድጃና ዕጣን የሚጨስበት ገል ፈጽሞ አይቀመጡበትም። አክሪሊክ እሳት ከያዘው እየተንጠባጠበ የሚነድ ቁስ ነው፤ ፍርፋሪውን ጓሮ ውስጥ ከቆሻሻ ጋር ማቃጠልም በዚሁ ምክንያት መቅረት አለበት።

ወፍራም አክሪሊክ ጥይት ይመልሳል የሚባለው ከፊል እውነት አለው። 32 ሚሊሜትር ያህል የሆነና ለዚሁ ተብሎ ተፈትኖ የተመሰከረለት የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ጥይት ሊያቆም ይችላል። ከጓሮ የተነሳ፣ የተበሳሳና ምንነቱ ያልታወቀ ሉህ ግን ለጥበቃ ቤት መስኮት መዋል የለበትም።

«ሌዘር ላይ ጣሉት፣ ይቆርጠዋል»

ማስታወቂያ ቤቶች ያላቸው የተለመደው ሌዘር ቀጭኑን እንደ ጉድ ይቆርጣል። ከ10 ሚሊሜትር በላይ እየወፈረ ሲሄድ ግን ጠርዙ ይዘማል፣ ይለበለባል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። 30 ሚሊሜትሩን በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ (ሲኤንሲ) ወይም ጥርሱ በደቀቀ የጠረጴዛ መጋዝ መቁረጥ ይሻላል። ምላጩ እንዳይደንዝ፣ ግፊቱም እንዳይዘገይ ነው፤ ቆም ካለ አክሪሊኩ ይቀልጥና ከኋላው መልሶ ይጣበቃል። ምንነቱ ያልታወቀ ፕላስቲክ ደግሞ ሌዘር ውስጥ መግባት የለበትም። ፒቪሲ ከሆነ የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።

ሁለት ቁራጭ ለማገናኘት ሱፐር ግሉ ማንሳትም የተለመደ ነው፤ ዙሪያውን ነጭ አድርጎ ይቀራል። ሙያተኞች ሁለቱን ፊት የሚያሟሟ ፈሳሽ በመርፌ ወደ መጋጠሚያው ያስገባሉ፤ ክሎሮፎርም አንዱ ነው። ፊቶቹ ሟሙተው አንድ አካል ይሆናሉ። ትነቱ አደገኛ ስለሆነ የሚሠራው በር ተከፍቶ፣ አየር በሚንሸራሸርበት ቦታ ብቻ ነው።

«ያው ፕላስቲክ ነው»

ኦቶ ሮም የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ፕሌክሲግላስ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1933 ካስመዘገበ በኋላ አክሪሊክ የጦር አውሮፕላን መስኮት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአንዳንድ እንግሊዛውያን አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የመስኮታቸው ስብርባሪ ገብቶ ቀረ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው የዓይን ሐኪም ስብርባሪው ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተዋለ፤ ኅዳር 1949 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ከዚሁ ቁስ የተሠራ ሌንስ ሰው ዓይን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚያም ግማሹ በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ሞራው ተገፎ ብርሃናቸው የሚመለስላቸው ሰዎች የሚተከልላቸው ሌንስ በአብዛኛው አክሪሊክ ወይም የአክሪሊክ ዘመድ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከልበት ሮዝ ድድም እንዲሁ።

ለዚህ ነው ወፍራሙን ሉህ ቀጭን ሊሠራው ለሚችል ሥራ ማዋል ብክነት የሚሆንብኝ። የቁልፍ መያዣና የስም ሰሌዳ ከ3 ሚሊሜትር ይወጣሉ። ውፍረቱ ራሱ የሚፈለግበትን ሥራ መሻት ነው። አንዱ በጠርዙ ብርሃን የሚገባበት ሰሌዳ ነው። ጠርዙ ላይ የኤልኢዲ ጥብጣብ ሲደረግ ብርሃኑ በሁለቱ ፊቶች መካከል እየነጠረ ይጓዛል፤ የሚወጣው ፊቱ ላይ በተቀረጸው ፊደል በኩል ብቻ ነው። 30 ሚሊሜትር ጠርዝ ጥብጣቡን ከነመያዣው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ትምህርት ቤት የሚገባው ነው። በፊዚክስ ክፍል የብርሃን ስብራት የሚለካው በወፍራም የመስታወት ጡብ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ግን ተማሪው የሚያየው ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ሥዕል ብቻ ነው። የአክሪሊክ የስብራት መጠን 1.49 ነው፣ ከመስታወቱ 1.52 ብዙም አይርቅም። በ45 ዲግሪ የገባ ጨረር ውስጡ 28 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ተማሪው በአራት ስፒልና በፕሮትራክተር ራሱ ይለካዋል። ከአንድ ካሬ ሜትር ሉህ፣ የመጋዙ ብክነት ተቀንሶ፣ 12.5 በ8 ሴንቲሜትር የሆኑ ከ70 በላይ ጡቦች ይወጣሉ። ፊቱ የተጫረ ቢሆንም ግድ የለም፤ ጨረሩ የሚገባውና የሚወጣው በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ስለሆነ እስከ 2000 ቁጥር ወጥተው ፖሊሽ መደረግ ያለባቸው እነዚያ ብቻ ናቸው።