የጋዝ ማሞቂያ ነበልባል ምን ይነግረናል?

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚያድር ከሰል ሰው እንደሚገድል በከተሞቻችን ያልሰማ የለም ለማለት ይቻላል። ስለ ጋዝ ማሞቂያ ግን የብዙዎች እምነት የተለየ ነው፤ ጭስ ስለሌለውና አመድ ስለማይተው ከፍንዳታ በስተቀር ሌላ አደጋ ያለው አይመስልም። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ደጋማ ከተሞች ለክረምቱና ለታኅሣሥ ብርድ በሲሊንደር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች አሉ። ለትምህርት ወደ ብርዳማ አገር የሚሄዱ ተማሪዎቻችንም ይህንኑ መሣሪያ ማግኘታቸው አይቀርም። ስለዚህ አጸዳዱንና አመረማመሩን ከፊዚክስ አንጻር እንመለከታለን።

ሲሊንደሩ የሚይዘው ጋዝ በአብዛኛው የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። አንድ የፕሮፔን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 5 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይፈልጋል። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ 1 ሊትር ፕሮፔን 24 ሊትር ገደማ አየር ይፈጃል ማለት ነው። አየሩ ካነሰ ከካርቦኑ ከፊሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ዝንባሌውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በከሰልም በጋዝም ገዳዩ አንድ ነው። የሲሊንደር ጋዝ መጥፎ ሽታ ሲያፈስ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ነገር ግን ሽታ ሰጪው ቅመም ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚቃጠል፣ ከነበልባሉ ስለሚወጣው መርዝ አፍንጫችን ምንም አይነግረንም።

የጽዳቱ ዋና ዓላማ እንግዲህ ለአየሩ መንገድ መክፈት ነው። ጋዙ ከጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲወጣ በጎን ካሉት ክፍተቶች አየር እየሳበ ይቀላቀላል፤ ሮበርት ቡንሰን እ.ኤ.አ. በ1855 በሃይደልበርግ በላቦራቶሪ ማንደጃው የተጠቀመበት ዘዴ ይኸው ነው። ለወራት ጥግ ይዞ የከረመ ማሞቂያ እነዚህ ክፍተቶች በአቧራ ይደፈናሉ፤ ሸረሪትም ድሯን ታደራባቸዋለች። ስለዚህ መሣሪያው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ሲሊንደሩን ዘግተን፣ ፈትተን ወደ ውጭ እናወጣለን። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እናራግፋለን፤ ክፍተቶቹን በብስክሌት ጎማ መንፊያ ቀስ ብለን እናናፍሳለን። ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉትን የሴራሚክ ገበታ ውኃ አናስነካውም፤ የተሰነጠቀ ከሆነም እሳቱ ወደ ኋላ ሊገባ ስለሚችል መለወጥ አለበት።

የጋዙን መውጫ ቀዳዳ በመርፌ መጎርጎር ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የቀዳዳው ስፋት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ዲያሜትሩ 10 በመቶ ቢሰፋ የሚወጣው ጋዝ 21 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጽዳት ነው ያልነው ሥራ መርዝ አምራች ሆነ ማለት ነው።

መልሰን ስንገጥም መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ እንቀባለን፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ ያፈሳል። በክብሪት መፈተሽ እብደት ነው። የጎማ ቱቦውንም አጠፍ አድርገን ስንጥቅ እንፈልጋለን።

ከዚያ በኋላ ነበልባሉ ራሱ ይመሰክራል። የመለኮሻዋ ትንሽ ነበልባል ሰማያዊ መሆን አለባት። የሴራሚኩ ቅላት ግን አያስደነግጥም፤ የጋለ አካል የሚያመነጨው ብርሃን ነው። የሚያሳስበው ከገበታው እየዘለለ የሚወጣ ቢጫ ምላስ ነው፤ ቢጫነቱ ሳይቃጠሉ የቀሩ የካርቦን ቅንጣቶች ግለው የሚሰጡት ነውና። ከጽዳት በኋላ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ብርቱካናማ ቀለም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአቧራው ሶዲየም ነው፤ የጨው ቅንጣት እሳት ላይ ቢጣል የሚታየው ዓይነት።

አሁን ለደጋ ነዋሪ ልዩ ትርጉም ወዳለው ነጥብ እንምጣ። ብዙ ዘመናዊ ማሞቂያዎች የኦክስጅን መጠን ሲቀንስ ጋዙን የሚዘጋ መከላከያ አላቸው። የመለኮሻዋ ነበልባል ቴርሞከፕል የሚባለውን የሁለት ብረቶች መገናኛ ታሞቃለች፤ ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 እንዳስተዋለው ክስተት፣ ሙቀቱ አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ያም ቫልቩን ከፍቶ ይይዛል። ኦክስጅን ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነበልባሏ ከቴርሞከፕሉ ትሸሻለች፤ ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ቫልቩ ይዘጋል። ፊዚክስን ለሚወድ ሰው ይህ ቆንጆ ፈጠራ ነው።

አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷም በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም 21 በመቶ ቢሆንም በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ግን ያንሳሉ። አንዳንድ አምራቾች ከ2,100 ሜትር ገደማ በላይ መሣሪያቸው ራሱን በራሱ ሊያጠፋ እንደሚችል በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ። ደጋግሞ የሚጠፋ ማሞቂያ ሲያጋጥም መፍትሔ መስሎ የሚታየው ቁልፉን ተጭኖ ማሰር ወይም ቴርሞከፕሉን ማለፍ ነው። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በቀጭን አየር የጋዙ ፍሰት አየሩ በቀነሰበት ልክ ስለማይቀንስ ነበልባሉ አየር የማጣት ዕድሉ ይሰፋል፤ መከላከያው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ስፍራ መከላከያውን መንቀል ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ለከፍተኛ ስፍራ የተሠራ መሣሪያ መግዛት፣ ያለዚያም በኤሌክትሪክ መሞቅ ነው።

በጽዳትና በምርመራ ያለፈ ማሞቂያም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ እየነደደ ማደር የለበትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ በክፍሉ ሁሉ ይሰራጫል፤ ያልተቃጠለው ጋዝ ግን ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ክፍተት ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ወይም ካዞራቸው፣ አስቀድመው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጡ፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የማሞቂያው ምርመራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።